ከመስቀል ማግስት ወደ ጋሞ ተራሮች

ረቡዕ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ አዲስ አበባ

ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ አርባ ምንጭ እንነሣለን። ዕቃው ተሰናድቶ አልቋል። በማዳበሪያ የታጨቀ ደብተር፣ የእስክሪብቶ ካርቶን፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች አንድ በአንድ የለቀምናቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ለልጃገረዶቹ የንጽሕና መጠበቂያ፣ በፀሐይ የሚሞሉ ትንንሽ መብራቶች። መብራቶቹን የገዛችው ነርሷ ጓደኛችን ናት። «በሻማ እያጠኑ ዐይናቸው ሊጠፋ ነው» ብላ ገንዘቡን ከራሷ ኪስ አወጣች።

እኛ ስል ሽሮ ሜዳ ውስጥ በሸማ ሥራ ያደግን ጓደኛሞች ማለቴ ነው። በልጅነታችን ከጋሞ ተራሮች መጥተን፣ ማግ እያጠነጠንንና ድር እየዘረጋን አድገናል። ዛሬ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌሎቹ ነርስ፣ መምህርት፣ አናጺ ሆነዋል። ከየደመወዛችን በየወሩ እናዋጣለን። በተዋጣው ገንዘብ ጨንቻ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ የገጠር ልጆች ኪራያቸውን እንከፍላለን። ስምም ማኅተምም የለንም፤ ያለን የጋራ የባንክ ሒሳብና የተማሪዎች ዝርዝር የተጻፈበት መዝገብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀሪ መጻሕፍት ልቀበል በጉለሌ በኩል ስሄድ በአሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት አጠገብ አለፍኩ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የትምህርት ቤቱን መሥራች ጋሽ አስፋው የምሩን አስባለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥተው ጎዳና ላይ ያደሩ ሰው ነበሩ። ደግ ሰው አስጠጋቸው፤ በትምህርታቸውም በርትተው የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ተማሪ ለመሆን በቁ። እዚያ ጠግበው ሲያድሩ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ልጆች አልረሱም። ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን እየሰበሰቡ አበሏቸው። እንጀራው ብቻ እንደማይበቃ ሲያዩ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ እርሳቸው ራሳቸው ገና ተማሪ ሳሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሯቸው ጀመር። ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ቦታ ከንጉሠ ነገሥቱ ለምነው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተሰጣቸው። በዚያ ግቢ ያለፉት ልጆች በዐሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ዛሬ ደግሞ ግሸን ማርያም ናት። የሕፃናት ማሳደጊያ መሥራቿ ወይዘሮ አበበች ጎበናም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ሊሳለሙ ወሎ በሄዱበት ወቅት ነው በረሀብ ከሞተች እናት አጠገብ የተቀመጠች ሕፃን አይተው ልጆች ይዘው የተመለሱት። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ እርሳቸው ግን ልጆቹን አልተዉም። ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት። እነዚህ ሰዎች ሲነሡ «ልዩ ፍጥረት ናቸው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። እኔ ግን በጋሽ አስፋው ታሪክ ውስጥ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ የጀመሩት በትርፍራፊ ምግብና በዛፍ ጥላ ነበር። ከእኛ የወር መዋጮ ያነሰ እንጂ የበለጠ ገንዘብ አልነበራቸውም።

ሐሙስ፣ መስከረም 22፤ መንገድ

አብሮኝ የሚጓዘው አናጺው ጓደኛዬ ነው። መጋዝ፣ መዶሻና አንድ ከረጢት ሙሉ መቀርቀሪያ ይዟል። ለምን እንደሆነ በኋላ እጽፋለሁ።

ዓለም ገናን አልፈን በቡታጅራ መንገድ ገባን። የጢያ ትክል ድንጋዮች ያሉበትን ሜዳ ጎሕ ሲቀድ አለፍነው። ቡታጅራ ቁርስ በላን። ከሆሳዕና በኋላ ግን ዐይኔን ከመስኮቱ ማንሣት አቃተኝ። ከፊታችን የሚመጡት አውቶቡሶች ከአርባ ምንጭና ከጨንቻ የሚመለሱ ናቸው። መስቀል ለእኛ ለጋሞዎች የዓመቱ ራስ ነው፤ ዮ ማስቃላ ብለን የምንቀበለው፣ የትም ያለ ሸማኔ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣበት በዓል። በዓሉ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ሽሮ ሜዳ ይመለሳል። ብዙዎቹ ሲመለሱ ብቻቸውን አይመለሱም። የወንድም ልጅ፣ የእኅት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ያስከትላሉ። ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነው፤ ልጆቹ ግን አውቶቡስ ውስጥ ናቸው።

እኔም የሄድኩት እንዲሁ ነው። አጎቴ «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምረዋለሁ» ብሎ ነበር። ዋሽቷል አልልም፤ ሸማ ሥራም ትምህርት ነው፣ ያውም ጥበብ ያለበት። ግን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት እግሬ የሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ፊደል የጀመርኩት አጎቴ ጋር ነጠላ ልትገዛ በመጣች አንዲት መምህርት ምክንያት ነው። ማጉን ሳጠነጥን ቁጥሩን በቃሌ እንደማወጣ አይታ «ይህን ልጅ ለምን አታስተምረውም?» አለችው። አጎቴ ሥራው እንደሚበደልበት ነገራት። እርሷም የማታ ትምህርት ቤት መመዝገቢያዬን፣ ደብተሬን፣ ጫማዬን ቻለች፤ ለአጎቴ ደግሞ ደንበኞች አመጣችለት። ብልኅ ሴት ነበረች፤ ማንንም ሳታስቀይም ልጅ ታስተምር ነበር። እትዬ እላት ነበር። በመጀመሪያ ደመወዜ ራሴ የሠራሁትን ነጠላና ገንዘብ በፖስታ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ነጠላውን ተቀበለችኝ፤ ፖስታውን ግን ኪሴ ውስጥ መልሳ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ከኋላህ የሚመጣ ልጅ አለ» አለችኝ። ዛሬ በሕይወት የለችም። የጋራ የባንክ ሒሳባችን የተከፈተው በዚያ ፖስታ ገንዘብ ነው።

ሶዶን አልፈን ሁምቦን ወረድን። የአባያ ሐይቅ ቀይ ውኃ ከግራችን ታየ። የሙዝ እርሻው መሐል ስንገባ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አርባ ምንጭ የደረስነው ሲመሽ ነው፤ ሲቀላ አደርን።

ዓርብ፣ መስከረም 23፤ አርባ ምንጭና ጨንቻ

ጠዋት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አንዲት ልጅ ጠብቃን ነበር። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኪራይዋን የከፈልንላት ልጅ ናት፤ አሁን ምሕንድስና ታጠናለች። ከዶርም ጓደኞቿ የሰበሰበችውን የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት በጆንያ አስራ አመጣችልን። ክረምቱን በሙሉ ጨንቻ ወጥታ ከሷ በታች ያሉትን ስታስጠና እንደከረመች የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ እርሷ አላነሣችውም።

«ጋሼ፣ እነዚያ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ አትጨነቁ፤ እዚህ ቢያንስ ይበላል፣ ይታደራል። ጭንቁ ከዚያ በፊት ነው» አለችኝ።

ነገሩን ከዚህ አሳጥሮ የሚያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ የገጠር ልጅ እስከ ስድስተኛ ወይም እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በሰፈሩ ወይም በአጎራባች ቀበሌ ይማራል፤ ማታ እናቱ ቤት ይበላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባም ምግቡና መኝታው በወጪ መጋራት ይሸፈናል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በመሐል ያሉት የሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመታት ግን ባለቤት የላቸውም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው፤ የልጁ ቤት ተራራው ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ አይጠይቅም፤ ክፍል ተከራይቶ፣ እንጨት ገዝቶ፣ ራሱ አብስሎ መኖር ግን ይጠይቃል። ይህን ሸክም የምንጥለው አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሠርተን «ተደራሽ ሆነ» ስንል የምንዘነጋው ይህንን ነው። ሰዎች ለልጅ ትምህርት መርዳት ሲፈልጉ ቦርሳና ደብተር ይገዛሉ፤ መልካም ነው፣ እኛም ይዘናል። ነገር ግን ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው ደብተር አጥቶ ሳይሆን ማደሪያ አጥቶ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ጨንቻ ወጣን። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከቆላ ወደ ደጋ ያሻግራል። ታች ላብ ሲያጠምቀን የነበርን ሰዎች ዶርዜ ስንደርስ ጋቢ ደረብን። በዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች አጠገብ የእንሰቱ ቅጠል በጉም ርሷል። ሕዝቡ ሲያይ የሚደሰትበት ቁልቁለት ከኋላችን ሁለቱን ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ ያሳያል። እኔ ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ ለመጻፍ ልቤ አልተነሣም፤ ተራራው ውብ ነው፤ የተወለድኩበት ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24፤ ጨንቻ

ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ነው። ገብስ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ የጥጥ ልቃቂት፣ በቅርጫት የተደረደረ አፕል። የጨንቻ አፕል ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው። ችግኙን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ያስገቡት ሚስዮናውያን ናቸው ይባላል፤ የልጅ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ያደረጉት ግን የጋሞ እናቶች ናቸው። አንዲት እናት ጓሮዋ ካሉት ዛፎች ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ራሷ ያዳቀለችውን ችግኝ ጭምር እየሸጠች ልጇን አሥረኛ ክፍል እንዳደረሰች ነገረችኝ። ይህን ካየን በኋላ ከእኛ አንዱ ሐሳብ አቀረበ፤ ኪራይ ከምንከፍልላቸው ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥቂት የተዳቀለ ችግኝ እንስጥ፤ ዛፉ ማፍራት ሲጀምር ቤተሰቡ ታናሹን ልጅ በራሱ አቅም ይልካል። ዘንድሮ እንጀምራለን።

ልጆቹን በየክፍላቸው ዞረን አየናቸው። ቅዳሜ ስለሆነ ግማሾቹ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ወጥተዋል። የቀሩት ተሰበሰቡ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ልጆች ያድራሉ። አንድ ማሰሮ፣ አንድ ጄሪካን፣ ግድግዳው ላይ በልጥፍ የተለጠፈ የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቆሎ፣ ድንች፤ የሳምንቱ ምግብ ይኸው ነው። እስከ ሐሙስ ከቆየ ጥሩ ሳምንት ነው። ዓርብ ቀን ተርቦ ክፍል የሚገባ ተማሪ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ይመግባሉ፤ ቁርስና ምሳ የሚበላ ልጅ ከክፍል እንደማይቀር ሁላችንም አይተናል። የሁለተኛ ደረጃ የገጠር ተማሪ ግን ለራሱ ምግብ አብሳይም፣ ውኃ ቀጂም፣ ዘበኛም ነው።

ዘበኛ ያልኩት በምክንያት ነው። የልጃገረዶቹ ክፍሎች በር ከውስጥ አይዘጋም። አምና ይህን የሰማነው ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በሩን በድንጋይ ደግፋ፣ ተቀምጣ እንደምታድር ነገረችን። ለዚህ ነው አናጺው ጓደኛዬ መቀርቀሪያ በከረጢት የያዘው። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል እየሄደ ሲቸነክር ዋለ። ያረጀውን መቃን ቀየረ፣ የተሰነጠቀውን ሳንቃ ደገፈ። አንዲት አከራይ መጥተው «ቤቴን ማን አፍርስ አለህ?» ብለው ተቆጡ። «እማማ፣ እያፈረስኩ አይደለም፤ በነጻ እያደስኩልዎ ነው» አላቸው። ቆመው አዩት፤ ከዚያ ቡና አፍልተው ጠሩን። እኚህ እማማ ሁለት ልጆች ኪራይ ሳይጠይቁ እንደሚያስጠጉ ያወቅነው እዚያ ቡና ላይ ነው። ዝርዝራችን ውስጥ የሌሉ፣ ስማቸውን ማንም የማያነሣው እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩ የእኛ መዋጮ የትም አይደርስም ነበር።

ማታ አንድ የሒሳብ መምህር እንግዳ ማረፊያችን መጥተው አወጉን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አነሡ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ በመቶዎች፣ ከዚያም በላይ ተቆጥረዋል። «ኪራይ መክፈላችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ መምህሩ፤ «ግን አራት ዓመት አስቀምጣችሁ በመጨረሻው ቀን ባዶ እጁን ብትመልሱት ቤተሰቡ ታናሹን ለሸማኔ ይሰጣል። ‹ተማረና ምን አገኘ?› ይላሉ።» አባባላቸው ከበደኝ። እውነት ነው። ተራራው ላይ አንድ ልጅ ሲወድቅ የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የተሰለፉት ታናናሾቹም ናቸው። እዚያው ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቅዳሜና የእሑድ ማጠናከሪያ ትምህርት እንዲጀመር፣ ለሚያስተምሩት መምህራን አበል ከእኛ እንዲሆን፣ ቅዳሜ ለሚውሉት ልጆች ምሳ እንዲዘጋጅ።

እሑድ፣ መስከረም 25፤ ወደ ጉጌ ተራራ አቅጣጫ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በእግር ተነሣን። መኪና የሚሄድበት መንገድ አልቆ፣ በገብስ ማሳና በእንሰት ጓሮ መሐል ሽቅብ ነው። የምንሄድበት ቤት ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ የሰፈሩ መምህር «ብሩህ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ካልተመዘገበ ይጠፋል» ብሎ ክረምት ላይ ስልክ ደውሎልን ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ከቤቱ ሩቅ ስለሆነ ዘመድ ቤት የሚያርፍበትን መንገድ ልናመቻች ነው የሄድነው።

ልጁ የለም። አባቱ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን፣ ቆጮና ዳጣ ቀረበልን፣ ስለ እርሻ ተጠያየቅን፤ ልጁን ግን ማንም አያነሣም። በመጨረሻ እናቱ በጋሞኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ከአጎቱ ጋር ሄደ። እኛ ወደዚህ ስንመጣ ካለፍናቸው አውቶቡሶች በአንዱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። ለመስቀል ቅርጫ የተበደሩት ገንዘብ አለ፤ ለአንድ ሰንጋ ከተዋጣው ውስጥ የእርሳቸው ድርሻ። አጎትየው ዕዳውን ከፈለላቸው፣ ልጁን ወሰደ። «አንተም ከዚሁ ነው የሄድከው፤ ይኸው ሰው ሆነህ መጣህ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? በዚያ መንገድ የሄዱ፣ እትዬን የመሰለ ሰው ያልገጠማቸው፣ እስከ ዛሬ ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ እኩዮቼን አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ውስጥ ጀርባው የጎበጠ አለ፣ ዐይኑ የደከመ አለ። አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራሁላቸው፤ የዚሁ ሰፈር ልጆች ናቸውና አብዛኞቹን ያውቋቸዋል። አባትየው ዝም አሉ። እናትየዋ ግን «ጻፈው፤ የምትጽፈውን ጻፍና ውሰድልኝ» አለች። ምን እንድጽፍ እንደፈለገች አልገባኝም ነበር፤ ለካስ የልጁን የክፍል ካርድ አንሥታ ከትራስ ሥር ደብቃው ኖሯል። ከሁሉም ትምህርት ዘጠናና ከዚያ በላይ።

በሰፈሩ ያሉ አንድ አዛውንት ነገሩን ሰምተው መጡ። የጋሞ ሽማግሌ ሲናገር ነገር ይቆማል። በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ ቁጣ የገነፈለበትን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበርክከው ያቆሙት የእኚህ አባት እኩዮች ናቸው። «ልጁ ከሄደ ሄዷል፤ በግድ ብታመጡት ተመልሶ ይሄዳል። እዚያው ይማር። ለአጎቱ እኔ እነግረዋለሁ፤ ስትደርስ በስልክ አገናኘኝ» አሉኝ። ሌሊቱን እዚያው አደርን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሰኞ፣ መስከረም 26፤ ጨንቻ

በማለዳ የቀበሌው ትምህርት ቤት ደርሰን ለልጁ መሸኛ አስጻፍን። መሸኛ የሌለው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ትምህርት ቤት ልግባ ቢል ክፍሉ አይታወቅም፤ ብዙዎቹ እንደገና ከታች ይጀምራሉ ወይም ጨርሰው ይተዉታል። ርእሰ መምህሩ ማኅተሙን ሲያሳርፉ «ዘንድሮ ለስንት ልጅ እንዲህ ብዬ እንዳልጻፍኩ ብነግርህ» ብለው ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ከሰዓት በኋላ ጨንቻ ወርደን የዘንድሮውን ዝርዝር ያዝን። ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ሥራ ነው። የሚያመለክተው ይበዛል፤ ገንዘቡ ያልቃል። በውጤት ብቻ አንመርጥም። ውጤት ብቻ ቢታይ ቤታቸው አጠገብ ያሉት ያልፋሉ፤ አራት ሰዓት በእግር የሚሄደው ተኝቶ ክፍል የሚገባ ስለሆነ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ርቀቱን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ፣ መምህራኑ የሚሉትን እናያለን፤ ለልጃገረዶች ቅድሚያ እንሰጣለን። ወንዱ ካቋረጠ ሸማኔ ይሆናል፤ ልጅቷ ካቋረጠች ትዳራለች ወይም ለቤት ሠራተኝነት ትወጣለች፣ መመለሻዋ ከእርሱ የባሰ ጠባብ ነው። በሩን በድንጋይ ደግፋ የምታድረው ልጅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። አናጺው መቀርቀሪያውን ከመታላት በኋላ ቁልፉን እጇ ላይ ሲያስቀምጥ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እተኛለሁ» አለችው። ጓደኛዬ ዕቃውን ሰብስቦ ፈጥኖ ወጣ።

ማክሰኞን ሙሉ መንገድ ላይ ነን።

ረቡዕና ሐሙስ፣ መስከረም 28 እና 29፤ ሽሮ ሜዳ

አጎትየውን ለማግኘት አልከበደኝም፤ ሽሮ ሜዳ የእኛ ሰፈር ነው። ሦስት የሸማ ዕቃ በተተከለበት ቤት ውስጥ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ማግ ያጠነጥናል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ይህን አውቃለሁ፣ አጎትየውም ያውቃል። ሕጉን ይዤ ብጀምር ልጁ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደማላውቀው ቤት ይዛወራል። እትዬ ያደረገችውን አደረግኩ። መጀመሪያ ሥራውን አየሁ። ጥለቱ ንጹሕ ነው፤ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለገና የሚሆን ነጠላ አዘዝኩት፤ የምር ነው፣ ገዢዎቹን አነጋግሬ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ስልኩን አውጥቼ ተራራው ላይ ላሉት አባት ደወልኩና ሰጠሁት።

ምን እንዳሉት ሙሉውን አልሰማሁም። አጎትየው ቆሞ ነበር የሚያዳምጣቸው፤ ደጋግሞ «እሺ አባባ» ይል ነበር።

ስምምነቱ ይህ ነው፦ ልጁ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ማግ ያጠነጥናል፤ ለቅርጫ የተከፈለውን ዕዳ እኛ በሁለት ጊዜ እንመልሳለን። አጎትየው የእሑዱንም ጠይቆ ነበር፤ እሑድ የልጁ እንዲሆን አጥብቄ ለመንኩት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ ውስጥ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገብነው። መዝጋቢዋ ጊዜው እንዳለፈ ነገረችን፤ መሸኛውንና የክፍል ካርዱን ስታይ ግን ካርዱን ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አይታ «ሰባተኛ ክፍል ቦታ አለ» አለች።

አንድ ችግር ይቀራል። ልጁ ያደገው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ገበያ የሚያስገዛ እንጂ ትምህርት የሚያስከትል አይደለም። ከአሁኑ ካልተያዘ ስምንተኛ ክፍል ላይ በከተማ አቀፉ ፈተና ይንገዳገዳል። መምህርቷ ጓደኛችን ሰኞና ረቡዕ ማታ፣ እኔ እሑድ ጠዋት እናስጠናዋለን። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እርሱ ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ የመጡ ሌሎች ልጆችም አሉ፤ እሑድ ጠዋት ይዟቸው እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። የመሸኛቸውን ጉዳይ ከቀበሌው ርእሰ መምህር ጋር በስልክ ጀምሬያለሁ፤ ጨንቻ ለሚጀመረው የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስፈልጉት የፊዚክስ መጻሕፍትም በሚቀጥለው ሐሙስ አውቶቡስ ይላካሉ።